ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት፦ ክለብዎ የመለሰው ገንዘብ

ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ የዓሣ ጥብስ ሽታና የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሮሮ። ጨዋታው ሳያልቅ ወሬው ከሜዳ ወጥቶ ወደ ባለቤቶቹ ይዞራል። «እነዚህ ግሌዘሮች ናቸው የጨረሱን» ይላል አንዱ። የአርሰናሉ ይስቅበታል። ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት የእንግሊዝ ክለብ ስንት በመቶው የማን እንደሆነ በቃሉ ያውቃል። «የእኛስ ቡድን የማን ነው?» ቢሉት ግን ሻዩን አንስቶ ፉት ይላል።

እኔም አላውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምደግፈው አንድ የአካባቢ ቡድን ነበር፤ ስሙን ልተወው። አንድ ነጋዴ «ሙሉ ትጥቅ፣ የዓመት ትራንስፖርትና አበል በእኔ» ብሎ መጣ ተባለ። ኮሚቴው መለሰው። ለምን እንደመለሰው የነገረን የለም። ልጆቹ በተቀደደ ጫማ እየተጫወቱ ገንዘብ ይመለሳል? ደማችን ፈላ። «ኮሚቴው ይውረድልን» የሚል ወረቀት አዞርን፤ ስሜ ከላይ ሦስተኛው ላይ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ ነጋዴው አስገብቶት የነበረውን ደብዳቤ በአጋጣሚ አየሁት። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ማልያ፣ ጫማ፣ ኳስ እያለ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ገጽ ከግርጌው ላይ፣ ሜዳው ከመንገዱ ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ «ለገቢ ማስገኛ» ሱቅ እንዲሠራበት ለነጋዴው እንዲሰጥ ይጠይቃል። እዚያ ጠርዝ ላይ ሱቅ ከተሠራ የማዕዘን ምት የሚመታበት ቦታ አይተርፍም። እኛ የተናደድነው ለመጀመሪያው ገጽ ነው፤ እሱንም ቢሆን በወሬ እንጂ በዓይኑ ያየው አልነበረም።

ኮሚቴውን ግን ነጻ አላወጣም። ያንን ሁለተኛ ገጽ ከጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖረው ኖሮ ወረቀቱ አይዞርም ነበር።

እና እርስዎ ሐይቅ ይኑሩ ውጫሌ፣ ደሴ ከተማን ይደግፉ ወልድያን፣ ቡናን ይበሉ ጊዮርጊስን፣ «ባለሀብት መጥቶ ክለባችን አባረረው» ተብሎ ወረቀት ሲቀርብልዎ እስክሪብቶውን ከመቀበልዎ በፊት የሚያጣሩት ነገር አለ።

እምቢ ያለው ማን ነው?

ገንዘብን እምቢ ማለት የሚችለው ባለቤት ነው። የአገራችን ክለቦች ባለቤት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከወሎ እስከ ጎንደር የምናውቃቸው አብዛኞቹ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ክለቦች ናቸው፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ባሕር ዳር፣ ፋሲል። ብዙዎቹን ለረጅም ጊዜ የጠራንበት «ከነማ» ራሱ ከደርግ ዘመን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የመጣ ምሕጻር ነው። ነዋሪው በስሙ ውስጥ አለ፤ በስብሰባው ውስጥ የለም። በእንዲህ ያለ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢው ብዙውን ጊዜ ከንቲባው ወይም ከንቲባው የወከለው ሹም ነው፤ በጀቱም ከከተማው ካዝና ነው የሚወጣው። ሹም ሽር በመጣ ቁጥር ሰብሳቢው ይቀየራል፤ አዲሱ ሰብሳቢ ያለፈው ምን እንደፈረመ እስኪያገኘው የዝውውር መስኮት ይዘጋል። ስለዚህ «ቦርዱ ይውረድ» ብለው ቢፈርሙ የሚወርደው ምናልባት በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር የነበረ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የመሥሪያ ቤት ክለብ ነው። የ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ የ2017ቱ ኢትዮጵያ መድን። አንዱ ባንክ፣ አንዱ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ ሁለቱም የመንግሥት። ንግድ ባንክ ሻምፒዮን የሆነው ከታችኛው ሊግ በወጣ በዓመቱ ነው። ይህን ስመለከት፣ የከተማ ክለብ ደጋፊ «ባለሀብት ይግባልን» ብሎ ቢጮህ አይገርመኝም፤ ከባንክ ጋር በማዘጋጃ ቤት በጀት መፎካከር ከባድ ነው። የመሥሪያ ቤት ክለብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሐረር ቢራ በአንድ ወቅት በፕሪሚየር ሊጉ የታወቀ ቡድን ነበር፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 ለሄኒከን ተሸጠ፤ ቡድኑ ዛሬ በሊጉ የለም። ምክንያቱ ሽያጩ ብቻ ነው አልልም። ፋብሪካ ሲገዛ የሚቆጠረው ግን ጋንና ጠርሙስ እንጂ አሥራ አንድ ተጫዋች አይደለም።

ሦስተኛው የሕዝብ ክለብ የምንለው ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በዚህ ይጠቀሳሉ። አባልነት አላቸው፣ መዋጮ አላቸው፣ ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው። በእንዲህ ያለ ክለብ አባል ከሆኑ ፊርማ ከማሰባሰብ ይልቅ ጉባኤ ላይ እጅ ማውጣት ይችላሉ፤ አባል ካልሆኑ ግን ጩኸትዎ ከዳር ነው የሚሰማው።

ሰውየው ይዞ የመጣው ምን ነበር?

ስጦታ፣ ስፖንሰርነት፣ ብድር፣ የባለቤትነት ድርሻ። አራቱም በወሬ ሲመጡ «ገንዘብ» ነው የሚባሉት። ለቅሶ ቤት ያመጡት እንጀራና የዕቁብ ዕጣ አንድ አይደሉም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ብድር ነው። ዩናይትዶች የሚያለቅሱት ለምን እንደሆነ የገባኝ አንድ ጎረቤቴ ገበሬ ሲያስረዱኝ ነው። የግሌዘር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2005 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛ፣ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚሆነውን ዕዳ የጫነው በክለቡ ላይ ነው። ይህን በምችለው ቋንቋ ስነግራቸው ጎረቤቴ ጥቂት አሰቡና «እንዴ! በሬዬን ገዛኝና የገዛበትን ብድር በሬው አርሶ ይክፈል አለ በለኛ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ትንታኔ በቴሌቪዥንም አልሰማሁም።

እና «ባለሀብቱ 10 ሚሊዮን ብር ሊያመጣ ነበር» ከተባለ ይጠይቁ፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? በስንት ዓመት? የሚመልሰው ማን ነው? ለምርጥ ተጫዋች ፊርማ የሚከፈል ብድር በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ተጫዋቹም ይሄዳል፤ ዕዳው ይቀመጣል። ዋንጫ እንኳ ዋስትና አይሆንም፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሊጉን በገባበት ዓመት ዋንጫ አነሣ፤ በ2014 ወረደ። አራት ዓመት ብቻ።

ውል ሁሉ ደግሞ ሁለተኛ ገጽ አለው፤ የአምባሰል ሰው ስለዚህ ምክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው ውጫሌ ላይ ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ቢፈልግ ይችላል» የሚል መንፈስ ነበረው፤ በጣሊያንኛው ግን «ይገደዳል» ሆኖ ተገኘ። የቀረው ዓድዋ ላይ ነው የታየው።

የተመለሰ ገንዘብ ሁሉ ያመለጠ ዕድል ነው?

እዚህ ላይ የራሴን ክለብ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፀደይ ወራት የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ዕቅድ ከፈረሰ በኋላ የስፖቲፋይ መሥራች ዳንኤል ኤክ አርሰናልን ልግዛ ብሎ 1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አቀረበ። ቲዬሪ ኦንሪ፣ ቤርካምፕና ቪዬራ ከጎኑ ነበሩ። ባለቤቶቹ ክሮንኬዎች አንሸጥም አሉ። ያን ጊዜ ውጫሌ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ «ክለባችንን ገደሉት» ብዬ ጠረጴዛ የደበደብኩት እኔ ነኝ። እነዚያው ክሮንኬዎች የያዙት አርሰናል ከ2022/23 እስከ 2024/25 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። ሁለተኛ ዋንጫ አይደለም፤ እሱን አውቃለሁ፣ አያስታውሱኝ። ቢሆንም የሞተ ክለብ ሁለተኛ አይወጣም።

ዩናይትድ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። የኳታሩ ሼክ ጃሲም ሙሉውን ካልሆነ አልገዛም ብለው ቆይተው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ወጡ። ሰር ጂም ራትክሊፍ አንድ አራተኛውን ያህል ይዘው ገቡ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ 250 ያህል ሠራተኛ ተቀነሰ፤ በ2024/25 ክለቡ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሼኩ ገብተው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ማንም አይነግረንም። ሐይቅ ላይ ግን ይህ ክርክር ገና አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያስቀናኝ የጀርመኖቹ ነው። የጀርመን ሊግ ከቴሌቪዥን መብቱ 8 በመቶውን ለውጭ ኢንቨስተር ለመስጠት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ድምፅ ሰጠ፤ እስከ አንድ ቢሊዮን ዩሮ ይገኝበታል ተባለ። ደጋፊው የቴኒስ ኳስና የቸኮሌት ሳንቲም ወደ ሜዳ እየወረወረ ጨዋታ አስቆመ። በየካቲት 2024 ሊጉ ነገሩን ተወው። ኳሱን ብቻ አይተው እንዳይሸወዱ። እዚያ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር የድምፁ ብልጫ በአባላቱ እጅ እንዲቆይ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ወርዋሪው አባል ነው፤ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነው።

ሜዳው

ከሁሉም በላይ ይህን ይያዙ። ተሁለደሬም ሆነ አምባሰል ደልዳላ መሬት እንደልብ የሚገኝበት አገር አይደለም። ተራራውን ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ የኳስ ሜዳ፣ በተለይ ከደሴ ወልድያ ከሚወስደው አስፋልት ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ ከቡድኑ ማልያና ዋንጫ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ኳስ አይቶ የማያውቅ ነጋዴ ድንገት የኳስ ፍቅር ሲይዘው ዓይኑ የት እንዳረፈ ይከታተሉ።

የሚጠየቀው ቀላል ነው። ሜዳው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አለው? በማን ስም? በከተማው ፕላን ላይ የተመለከተው እንደ ስፖርት ማዘውተሪያ ነው ወይስ እንደ ክፍት ቦታ? ካርታ የሌለው ሜዳ ቡድን ቢኖረውም ባለቤት የለውም፤ አንድ ቀን ጠዋት ድንጋይ ተጭኖበት ሊያገኙት ይችላሉ። ባለሀብት ሳይመጣ በፊት ደጋፊ ተሰብስቦ ሊጨርሰው የሚገባ ሥራ ቢኖር ይኸ ነው፤ ከማልያ በፊት፣ ከአሠልጣኝም በፊት።

ትልቅ ስጦታም ጥያቄ አለው። ከሐይቅ ተነሥተው ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን አልፈው ወልድያ ሲደርሱ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ገንዘብ የተሠራውን ስታዲየም ያገኙታል። ጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ የፈሰሰበት ነበር። የወሎ ሰው እንደ ሠርግ ነው የጎረፈለት። ወልድያም ያን ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር። በጥቅምት 2010 ሼኩ ሪያድ ላይ ታሰሩ፤ እስከ ጥር 2011 አልተፈቱም። ወልድያ በ2010 መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም፤ ስታዲየምና ቡድን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ስታዲየም በአንድ ጊዜ ስጦታ ይቆማል። ቡድን በየወሩ ደመወዝ ይበላል። ሣሩም ውሃ ይጠጣል፤ ጥበቃውም ይከፈለዋል። ስጦታው «ከምረቃው ማግስት ያለውን ወጪ ማን ይችላል?» የሚል መስመር አለው ወይ ብለው ይዩ።

ሜዳ ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ አገሪቱ ሁሉ ቀምሳዋለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም ካለ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ለዓመታት «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ተጫውተዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ።

ማልያው ላይ ምን ይጻፋል?

ይህን የአዲስ አበባ ጸሐፊ ይዘልለዋል፤ ወሎ ላይ ግን መዘለል የለበትም። በአገራችን እግር ኳስ ትልቁ የስፖንሰር ገንዘብ ለረጅም ጊዜ የመጣው ከቢራ ነው። ፋሲልን ዳሸን፣ ቡናን ሐበሻ፣ ጊዮርጊስን በስሙ የሚጠራው ቢራ። ኮምቦልቻም የቢራ ፋብሪካ አላት። ቀጥሎ ደግሞ ውርርዱ መጣ፤ ሊጉ ራሱ ለተወሰኑ ዓመታት «ቤትኪንግ» ተብሎ ተጠርቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በአልኮል ማስታወቂያ ላይ ገደቡን አጥብቋል፤ ስለዚህ የቢራ ውል ከቀረበ መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚፈቅድ ይጣራ።

ከሕጉ ባሻገር የሰፈር ጉዳይ አለ። በእኛ አካባቢ አንድ ቡድን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አንዳንዴም የአንድ አያት ልጆች፣ አብረው ይሰለፋሉ። ደረቱ ላይ ቢራ የተለጠፈበትን ማልያ ይዞ ቤቱ ለመግባት የሚቸገር ልጅ አለ። እናቱ አታጥበውም። ኮሚቴ ይህን አስቦ ገንዘብ ቢመልስ እኔ አልወቅሰውም፤ «ልማት ጠላ» ከማለትዎ በፊት ማልያውን ማን እንደሚለብሰው ያስቡ። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሰበብ አድርጎ የስሚንቶውንም፣ የባንኩንም፣ የዱቄት ፋብሪካውንም ሰው የሚያባርር ኮሚቴ ካለ፣ ነገሩ ሃይማኖት ሳይሆን ወንበር ነው።

በየት በኩል ይገባል?

ባለሀብቱ ገንዘቡን ለማን ነው የሚሰጠው? በከተማ አስተዳደር ሥር ላለ ክለብ ከሆነ ጥሬ ገንዘቡ በሞዴል 64 ደረሰኝ ይገባል። ማልያና ጫማ ከሆነ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን «ስልሳ ጥንድ ጫማ ተሰጠ» ተብሎ ሃያ ልጅ ብቻ ተጫምቶ ሲያዩ የሚያድንዎ እነዚያ ወረቀቶች ናቸው። ገንዘቡ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ቁጥር ይግባ ከተባለ፣ ግለሰቡ የቱንም ያህል የተወደደ ቢሆን፣ እዚያው ላይ ይቁሙ። በተለይ ከጂዳና ከዱባይ ለሚልኩ የአካባቢው ልጆች ይህን ይንገሩልን፤ በሰው ቤት ሠርተው ያጠራቀሙት ነው።

«አክሲዮን እንሽጥ» ከተባለ

ይህ ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ እኔም አልጠላውም። ግን አክሲዮን እድር አይደለም። በእድር ሀብታሙም ድሃውም አንድ ድምፅ አለው፤ በአክሲዮን ድምፁ በገንዘቡ ልክ ነው። መቶ ሰው እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ገዝቶ አንዱ ነጋዴ ከግማሽ በላይ ከያዘ፣ መቶው ሰው ያገኘው የምስክር ወረቀት ነው። አርሰናል ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮንኬ የሌላውን ባለድርሻ የኡስማኖቭን ድርሻ ጠቅልሎ ሲገዛ ከአያት ከቅድመ አያት አንድ አክሲዮን ይዘው የኖሩ ደጋፊዎችም ሳይወዱ ለመሸጥ ተገደዱ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት አባላት እንዲኖሩት ይጠይቃል። በዚያው ዓመት የካፒታል ገበያ አዋጅም ወጥቷል፤ ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰነዱን ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አቅርቦ ማስመዝገብ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም እንኳ አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ ግዢ 33 እንደሆነ፣ ትልቁም 3,333 እንደሆነ፣ ገንዘቡም ምን እንደሚያስገኝ በሰነድ ነው የነገረን። በሜዳ ዳር በደብተር የሚመዘገብ «የክለብ አክሲዮን» ከቀረበልዎ ሰነዱን ይጠይቁ። ከሌለ መዋጮ ነው ብለው ይስጡ፤ ላይመለስ እንደሚችል አውቀው።

ትርፍ ይገኛል የሚልዎትንም ይጠይቁት፤ ከምን? ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነው የሚካሄደው፤ ጨዋታው ሌላ ከተማ ላይ ሲሆን የእርስዎ ክለብ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥለት ደጋፊ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ነው የሚያየው።

ከቦርዱ ምን ይጠይቁ?

ሦስት ወረቀት። የቀረበው ደብዳቤ፣ ሁለቱም ገጽ። እምቢታው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ፣ ማን ተገኝቶ ማን እንደተቃወመ ጭምር። ለባለሀብቱ የተጻፈው መልስ። ሦስቱን የሚያሳይ ቦርድ ውሳኔው ባይጥመኝም አከብረዋለሁ። «እኛ ነን የምናውቀው» የሚል ከሆነ ያን ጊዜ ይፈርሙ፤ ወረቀቱ ግን «ይውረድ» ሳይሆን «ይታይ» የሚል ቢሆን ይመረጣል። የወረደው ይተካል፤ የተደበቀው ሰነድ ግን ከመሳቢያው አይወጣም።

ጊዜውንም ይምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የከተማ ክለብ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱና ወጪው የሚደለደለው ከዚያ በፊት ነው። በግንቦት የገባ ጥያቄ የሚያነበው ሰው ያገኛል። ያች እኔ ሦስተኛ ሆኜ የፈረምኩባት ወረቀት የገባችው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ዝናብ ነክቷት፣ ግማሹ ስም ተጨማልቆ።